ምስጋናና ጥቆማ፦ የለንደንን የሕግ ሰፈር በእግር ለሚያስጎበኙት ባለሙያ

ለንደን ለምትኖሩና እንግዳ ለሚመጣባችሁ፦ ቤተ መንግሥቱንና ታወር ብሪጅን ደጋግሞ ማሳየት ከሰለቻችሁ፣ የሕግ ሰፈሩን በእግር የሚያስጎበኙ ባለ ብሉ ባጅ (የአስጎብኚዎች የሙያ ማረጋገጫ) ባለሙያ አሉ። ቡድናችንን ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ላስጎበኙት ለእኚህ ሴት ምስጋናችን ከልብ ነው። ስለፈቀዱልን ስልካቸውን ለጠየቀን በውስጥ መስመር እንልካለን።

እዚህ ሰፈር ጉብኝት የሚበላሸው በር ላይ ነው። ቴምፕልና ሊንከንስ ኢን መሃል ከተማ ይሁኑ እንጂ የጠበቆች ማኅበራት የግል ግቢ ናቸው፤ በር አላቸው፣ በሩም ሰዓት አለው። ቅዳሜ የሄደ ሊንከንስ ኢንን ዝግ፣ የቴምፕልንም አብዛኛውን በር ተቆልፎ ያገኘዋል። ስለዚህ እሳቸው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው የሚቀበሉት። የቴምፕል ቤተ ክርስቲያን የመግቢያ ሰዓት በየቀኑ ስለሚለያይ ከዋዜማው አረጋግጠው፣ ካስፈለገም መንገዱን ገልብጠው ይጀምራሉ። የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል።

መነሻው ቴምፕል ባቡር ጣቢያ ነው። በሚድል ቴምፕል ሌን ሽቅብ ሲወጣ በየደረጃው መግቢያ ላይ የጠበቆች ስም ተጽፎ ይታያል። ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ እሳቸው ግን ያስቆማሉ። ስሙ የሚደረደረው በፊደል ተራ ሳይሆን በሥራ ዘመን ነው፤ አንጋፋው ከላይ፣ አዲስ ገቢው ከታች። እዚህ ላይ ድምፅ ዝቅ ይደረግ፤ መስኮቱ ስር ደንበኛና ጠበቃ እየተመካከሩ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በ1185 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.) በኢየሩሳሌሙ ፓትርያርክ በሄራክልዮስ የተባረከ ነው። ክብ የሆነው የጌታን መቃብር ቤተ ክርስቲያን አምሳል ይዞ ነው፤ የእኛ ዴር ሡልጣን ጣራው ላይ ያለችበትን ማለት ነው። በግንቦት 1941 በጀርመን ቦምብ ተቃጥሎ ከክቡ ጋር በተያያዘው ረጅም ክፍል ያሉት የእብነ በረድ ዓምዶች ከሙቀቱ ተሰነጠቁና በአዲስ ተተኩ። የቀድሞዎቹ ትንሽ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ነበሩ፤ ግንበኞቹም አዲሶቹን እንዲሁ አዘንብለው አቆሟቸው። ከመሃል ቆሞ ወደ ላይ ለተመለከተ ይታያል፤ ሳይነገር ግን ማንም አያስተውለውም።

ከዚያ ፍሊት ስትሪት ተወጥቶ ወደ ሮያል ኮርትስ ኦፍ ጀስቲስ (የከፍተኛና የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ሕንፃ) ይገባል፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1882 የመረቁት ነው። አዳራሹ ብቻ 72 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ፍተሻው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሆነ መቀስና ስለት ቤት ይቅር። ችሎት ክፍት ነው፤ ስትገቡም ስትወጡም ወደ ዳኛው አንገት ዝቅ ማድረግ ወግ ነው። ፎቶ ግን በ1925 ሕግ ክልክል ስለሆነ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ነሐሴና መስከረም ችሎቱ እረፍት ላይ ስለሆነ የሚታየው ክርክር ጥቂት ነው፤ እንግዳችሁ በዚያ ወቅት ከመጣ ይህን ቀድማችሁ ንገሩት።

ለእኛ ግን ትልቁ ቁም ነገር የ1938ቱ ጉዳይ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ለሬዲዮ ቴሌግራፍ ውል የሚከፈላቸውን ከ10,000 ፓውንድ በላይ ከእንግሊዙ የቴሌግራፍ ኩባንያ ከኬብል ኤንድ ዋየርለስ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጠየቁ። በሐምሌ ተፈረደላቸው። ይግባኙ ገና ሳይቋጭ በኅዳር የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያኑን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዢ ብሎ አወቀ፤ በታኅሣሥ ፍርዱ ተገለበጠ። ሕጉ ያው፣ የተለወጠው ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የመጣው ቃል ነው። አስጎብኚዋ ይህን ከፍርዱ መዝገብ ጠቅሰው፣ የየትኛውን ዳኛ ወገን ሳይዙ ያስረዳሉ።

መጨረሻው በኬሪ ስትሪት ዞሮ ሊንከንስ ኢን ነው። ተረከዙ ረጅም ጫማ ለኮብልስቶኑ አይሆንም። ክፍያቸው በሰው ሳይሆን በቡድን ስለሆነ አሥር ሆኖ መሄድ ያዋጣል። ስትደውሉ ሐበሻ መሆናችሁን ንገሯቸው፤ አለበለዚያ የ1938ቱን ዘልለው ቻንሰሪ ሌን ወደሚገኘው የዳኞች ዊግ ሱቅ ይወስዷችኋል።