ኬክ ላይ የተጻፈች «እሰይ»

ታናሽ እህቴ የመውጫ ፈተናዋን በሁለተኛው ሙከራ አለፈች። ነርሲንግ ነው የተማረችው። ውጤቱን ማክሰኞ ማታ ስልኳ ላይ አየች። እናታችን «እሰይ! የኔ ልጅ!» እያለች ከወጥ ቤት ስትወጣ እጇ ሊጥ እንደሆነ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሳሪስ፣ ሰፈራችን ወዳለች ትንሽ ኬክ ቤት ሄድኩ። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ያዘዝኩት የጾም ኬክ ነው። ሁለት ኪሎ፣ 2,800 ብር።

«ምን ይጻፍበት?» አለችኝ ትእዛዝ የምትቀበለው ልጅ።

«እሰይ በይበት።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «እሰይ ብቻ፣ ጋሼ? ሰው ሌላ እንዳይመስለው።»

እውነቷን ነው። ሕፃን ዳዴ ማለት ትቶ ቆሞ ሲሄድ «እሰይ! እሰይ!» እንላለን። ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ «እሰይ!» ይላል። የማንወደው ሰው ሲወድቅም «እሰይ! የእጁን አገኘ» የምንለው በዚያችው ቃል ነው። በአፍ ስትባል ማንም አይሳሳታትም። የደስታዋ ትጎተታለች፣ «እሰ...ይ» ተብላ ከሆድ ትወጣለች። የቂሟ አጭር ናት፤ ጥርስ ተነክሶባት ነው የምትባለው። ክሬም ላይ ግን ድምፅ የለም። እህቴ ደግሞ አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ ያን ጊዜ ስንት ቀን እንዳለቀሰች የማውቀው እኔ ነኝ።

ልጅቷ «እንኳን ደስ አለሽ» ይሻላል አለች። አብዛኛው ሰው የሚያስጽፈው እሱን ነው። ጥሩ ቃል ነው፣ ግን የእንግዳ ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ለባለ ደስታው ይለዋል፣ እሱም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብሎ ይመልሳል። እሰይ የምትለው ግን ደስታው የራስህ ሲሆን ነው። እናቴ ለልጇ «እንኳን ደስ አለሽ» አላለችም። እሷም ባለ ደስታ ናታ!

ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው እናትዎ እንዳሉት እንጻፈዋ» አለችኝ። «እሰይ የኔ ልጅ» ተባለ። «የኔ ልጅ» ካለበት በክፉ የሚያነበው አይኖርም። ስንት ቦታ ኬክ አዝዣለሁ፣ ለምትጽፈው ቃል እንዲህ የተጨነቀች ሰው አላጋጠመችኝም። ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ።

ኬኩ መካከለኛ ነው። ከላይ ክሬሙ ለስላሳ ነው፣ ስኳሩ ግን በዝቷል። የታችኛው ክፍል ደረቅ ስለሆነ ሻይ ይፈልጋል። 10 ሰዓት ተብዬ 11 ሰዓት ከሩብ ነው የተረከብኩት። ሳጥኑም ስስ ነው፣ እስከ ቤት ጭኔ ላይ ደግፌ ይዤዋለሁ። ጽሑፉ ግን ያምራል፤ ቀይ በነጭ ላይ፣ ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ከሩቅ የሚነበብ።

ቤት ስደርስ እናቴ መነጽሯን አደረገችና ጮክ ብላ አነበበችው። «እሰ...ይ» ብላ ጎተተቻት፣ ልክ እንደ ማክሰኞው። ጎረቤታችን እልልታውን ከበር ላይ ጀመሩት። እህቴ «ልጅ» የሚለው ያረፈበትን ቁራሽ ቆርጣ ለእናቴ አጎረሰቻት።

ማዘዝ የምትፈልጉ ከአንድ ቀን በፊት ንገሯቸው። የምታስጽፉትንም ቃል በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ።