ዘጠኝ ሺህ ባንዲራ ላወረደችልኝ ልጅ

አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ አለች። ዛሬ የምጽፈው እሷን ለማመስገን ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለችኝ አልጽፍም።

እኔ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ባንኮች ተመናቸውን በየፊናቸው ያወጣሉ። አለቃዬም «የዛሬው ስንት ነው?» ማለት ለመደ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ የሦስት ባንኮችን ድረ ገጽ እከፍታለሁ። ሰንጠረዡን ኮፒ አድርጌ ኤክሴል ላይ ፔስት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ታዲያ ሰንጠረዡ ብቻውን አይመጣም። ከዶላሩ ጎን የአሜሪካ ባንዲራ፣ ከድርሃሙ ጎን የኤምሬትስ፣ ከዩዋኑ ጎን የቻይና አለ። ሁሉም ተከትለው ይገባሉ። መጀመሪያ ሰሞን እንዲያውም ፋይሉን አሳመሩልኝ ብዬ ነበር። የቆዩትን ረድፎች ስሰርዝም አብረው የሚጠፉ መስሎኝ ነበር። ለካ የጠፋው ቁጥሩ ብቻ ነው። ባንዲራዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ጥግ ይዘዋል። ላዩን ሲያዩት አንድ ባንዲራ ነው፤ ጎትተው ሲያነሱት ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ።

ፋይሉ 40 ሜጋባይት አለፈ። ከፍቼው ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ፣ አሁንም እየተከፈተ ነው። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ፋይሉን ሳያዩት «ኦፊሱ ተበላሽቷል፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ» አሉኝና 2,000 ብር ጠየቁኝ። ትቼ ወጣሁ።

ልጅቷን ያገኘኋት በአጋጣሚ ነው፤ ደብዳቤ ላሳትም ገብቼ። ፍላሼ ላይ ያለው ፋይል አልከፈት ሲል «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሥዕል በዝቶበታል፤ ልየው?» አለችኝ። የሥዕሎቹን ዝርዝር ከፍታ ስታሳየኝ የመጨረሻው «ፒክቸር 9214» ይላል። ደነገጥኩ። እሷ ሳቀች።

ከሁሉ የወደድኩላት መጀመሪያ ያደረገችውን ነው። ምንም ሳትነካ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አደረገች። ከዚያ ኤፍ 5 ተጫነች፤ ስፔሻል የሚለውን ከፍታ ኦብጀክትስ መረጠች፣ ኦኬ። ሺቱ ላይ ያለው ሥዕል ሁሉ አንድ ላይ ተመረጠ። እኔ ብሆን ዲሊትን ወዲያው ነበር የምመታው። እሷ ቆም ብላ «ከዚህ ውስጥ የእናንተ የሆነ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ የድርጅታችን ሎጎም አብሮ ተመርጧል! ኮንትሮልን ይዛ ሎጎውን ጠቅ አድርጋ ከምርጫው አወጣችው። ከዚያ ዲሊት። ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰበ፣ ባንዲራው ሁሉ ወረደ። ይህ የሚሠራው የተከፈተው ሺት ላይ ብቻ ስለሆነ በየወሩ ሺት እየገባች ደጋገመችው። ሲያልቅ ፋይሉ አንድ ሜጋባይት እንኳ አልሞላም።

እግረ መንገዴን የወሩን አማካይ ሳወጣ ስህተት እንደሚለኝ ነገርኳት። እኔ ቁጥሩን እንደገና በእጄ እየጻፍኩ ነበር የምገላገለው፤ ስንት ምሽት እንደፈጀብኝ ባልናገር ይሻላል። እሷ አንዱን ሴል ከፍታ ከቁጥሩ ኋላ የተደበቀች ክፍተት አሳየችኝ። ከድረ ገጽ የምትመጣ፣ ተራ ስፔስ የምትመስል ግን ያልሆነች። ኮዷ 160 ነው፤ ትሪም የሚባለው ፎርሙላም አያጠፋት። እሷ ባለችበት ኤክሴል ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ነው የሚያየው። ልጅቷ ያቺን ክፍተት ኮፒ አድርጋ መፈለጊያው ላይ ለጠፈች፣ መተኪያውን ባዶ ተወች፣ «ሪፕሌስ ኦል» አለች። ቁጥሮቹ በሙሉ ወደ ቀኝ ተሰለፉ። እውነት ለመናገር እዚያች ላይ ነው ያጨበጨብኩት።

ለወደፊቱ ደግሞ ዝም ብዬ ፔስት እንዳላደርግ መከረችኝ። ፔስት ስፔሻል ገብቶ ቴክስት መምረጥ ነው፤ ባንዲራው እዚያው ይቀራል። ያቺ ክፍተት ግን አንዳንዴ አሁንም ትከተለኛለች፣ ስለዚህ በየሳምንቱ አርብ አጸዳታለሁ።

አርባ ደቂቃ ያህል ሠርታ የጠየቀችኝ 200 ብር ነው። ጨምሬ ሰጠኋት፤ በግድ ነው የተቀበለችኝ።

ኤክሴል ያስቸገራችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቤቱን አሳያችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ፎቶ ኮፒ ይዘው ይሞሉታል፣ መቆሚያም የለ። መብራት ከሄደ ደግሞ ጄኔሬተር የላቸውም፤ ቡና ጠጥቶ መመለስ ነው።