ክላውድፍሌር በሀበሻ ልብስ ሱቃችን ዌብሳይት ላይ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

የሀበሻ ልብስ የምንሸጥበት ዌብሳይት ካለፈው ፋሲካ ዋዜማ ጀምሮ ክላውድፍሌር በተባለ፣ ዌብሳይቶችን በፍጥነት በሚያደርስ ድርጅት በኩል ነው ለደንበኛ የሚደርሰው። የምጠቀመው ነፃውን ፓኬጅ ነው። ለመመዝገብ የባንክ ካርድ አለመጠየቁ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለሚቸግረን ሰዎች ቀላል ነገር አይደለም። ፎቶ ለበዛበትና ደንበኞቹ በየአገሩ ለሚኖሩ ሱቅ ሲዲኤን (የገጽ ፋይሎችን ቅጂ በየከተማው ባሉ ማሽኖች አስቀምጦ ለጎብኚው ከቅርቡ የሚያደርስ አገልግሎት) በእውነት ይጠቅማል። የሚንቀረፈፍ ሰርቨርን (ዌብሳይቱ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር) ግን አያድንም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ስለሚበዛ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ልብሱ የሚወጣው ከሽሮ ሜዳ ነው፤ ሰርቨሩ ያለው ጀርመን ነው፤ ገዢዎቻችን ደግሞ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ዱባይና ቴል አቪቭ ይኖራሉ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ ብዙ ቢመስልም የደንበኛው ስልክ ግንኙነቱን ለመክፈት አንድ ጊዜ፣ ግንኙነቱን ለማመስጠር ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ገጹን ለመጠየቅ ደግሞ ሌላ ጊዜ ደርሶ መልስ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ኬብል ደግሞ በቀጥታ አይሄድም። እኛ ወደብ ስለሌለን መስመሩ መጀመሪያ ጎረቤት አገር አቋርጦ ነው ባሕር የሚገባው። ክላውድፍሌር ከ300 በሚበልጡ ከተሞች ማሽን አለው። እነዚያ የመጀመሪያ ደርሶ መልሶች ለደንበኛው ቅርብ በሆነው ማሽን ያልቃሉ፤ የፎቶዎቹም ቅጂ እዚያው ይቀመጣል።

በእኛ ሥራ ፎቶ ማለት ሁሉም ነገር ነው። ሰው ቀሚስ የሚመርጠው ጥለቱን አጉልቶ፣ የክሩን ቀለምና የሸማኔውን እጅ አይቶ ነው። ስለዚህ ፎቶውን እስኪደበዝዝ መጭመቅ አይቻልም። ያም ሆኖ ከስልክ የወጣ 4 እና 5 ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ መጫን የደንበኛን የኢንተርኔት ፓኬጅ መብላት ነው። መጠኑን ቀንሶ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት መቀየር ከማንኛውም ሲዲኤን በፊት መሠራት አለበት። ክላውድፍሌር ይህን ሥራ በራሱ የሚሠራበት አገልግሎት አለው፤ ግን በነፃው ፓኬጅ ውስጥ የለም። እኔ በኮምፒውተሬ ስለምሠራው ለእሱ ብዬ በወር 25 ዶላር አልከፍልም።

አሁን ዋናው ነጥብ። ክላውድፍሌር ካልታዘዘ በቀር የገጹን ኤችቲኤምኤል (የገጹን ጽሑፍና አወቃቀር የያዘውን ፋይል) ካሽ አያደርግም፣ ማለትም ቅጂውን አያስቀምጥም፤ ካሽ የሚያደርገው ፎቶ፣ ፎንት እንዲሁም የገጹን መልክና እንቅስቃሴ የሚወስኑትን የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ፋይሎች ነው። ገጹ ራሱ በተጠየቀ ቁጥር ጀርመን ካለው ሰርቨር ይመጣል። ሰርቨሩ ገጹን ለማዘጋጀት ሁለት ሰከንድ ከፈጀ ደንበኛው ያን ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል። ይህ ለሱቅ ትክክለኛ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። ዋጋ ስቀይር ወዲያው ይታያል፤ የአንዱ ደንበኛ ዘንቢልም ለሌላው አይታይም። «ሁሉንም ካሽ አድርግ» የሚለውን ደንብ የክፍያና የዘንቢል ገጾችን ሳይለይ የሚያበራ ሰው የደንበኛን ስምና አድራሻ ለማያውቀው ሰው ሊያሳይ ይችላል።

ብዙም የማይወራለት ነገር አለ። እያንዳንዱ ከተማ የየራሱን ካሽ ነው የሚይዘው። ዱባይ ውስጥ አንድን ነጠላ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ፎቶውን የሚያገኘው ከጀርመን ነው፤ ፈጥኖ የሚመጣለት ከእሱ በኋላ ለሚከፍተው ነው። ጎብኚው ትንሽ የሆነ ገጽ ላይ ደግሞ ብዙ ያልታየ ፎቶ ከካሹ ቶሎ ይወጣል። ለዚህ መፍትሔው «ታይርድ ካሽ» ነው፤ ከተሞቹ ወደ ሰርቨራችን ከመምጣታቸው በፊት አንድ መካከለኛ ማሽን እንዲጠይቁ ያደርጋል። ነፃ ነው፣ አብሩት። ሰርቨሩ ለፎቶዎች ረጅም የካሽ ጊዜ እንዲሰጥም አድርጌያለሁ፤ ሰርቨሩ ምንም ካላለ ክላውድፍሌር አዲስ ቅጂ መኖሩን ሳይጠይቅ የሚያቆየው 120 ደቂቃ ብቻ ነው። ፎቶ ስንለውጥ ፋይሉን በአዲስ ስም እንጭናለን፤ ካሽ ስለማጽዳት ማሰብ አያስፈልግም።

የአማርኛ ጽሑፍ ለሚበዛበት ገጽ ሌላም ጥቅም አለ። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የፊደላችን ሆሄ 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ 1 ብቻ ነው። ክላውድፍሌር ካሽ የማያደርገውን ገጽ እንኳ ጨምቆ ስለሚልክ የልብሱ መግለጫ ቢረዝም አይከብድም።

በደኅንነት በኩል ከክላውድፍሌር የማመስጠሪያ ምርጫዎች መንገዱን እስከ ሰርቨሩ ድረስ የሚያመሰጥረውን «ፉል ስትሪክት» ውሰዱ። «ፍሌክሲብል» ከክላውድፍሌር እስከ ሰርቨሩ ያለውን መንገድ ሳይመሰጠር ይተወዋል፤ የደንበኛን ስልክና አድራሻ ለሚቀበል ሱቅ ይህ ተገቢ አይደለም። በትክክለኛውም ምርጫ ቢሆን መረጃው በክላውድፍሌር ማሽን ላይ ተፈትቶ እንደገና እንደሚመሰጠር ማወቅ ይገባል። በመካከል ሌላ ድርጅት አስገብተናል። እኔ ይህን አመዛዝኜ ተቀብያለሁ፤ የሕክምና መዝገብ የሚይዝ ገጽ ቢሆን ግን ደጋግሜ አስብበት ነበር።

ጥገኝነቱም እውነተኛ ነው። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ክላውድፍሌር በራሱ የውስጥ ለውጥ ምክንያት ለሰዓታት ተቃውሶ በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ገጾች ስህተት ብቻ ሲያሳዩ ውለዋል፤ ዳሽቦርዱም (ቅንብሮቹን የምንቀይርበት ገጽ) አብሮ ተነክቶ ነበር። ለዚህ ነው ዶሜይናችንን (የዌብሳይታችንን ስም) ሌላ ድርጅት ዘንድ እንደተመዘገበ ያቆየሁት። የዲኤንኤስ መዝገቦቹን (ስሙ ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚመራ የሚናገሩትን) ቅጂም በኮምፒውተሬ አስቀምጫለሁ፤ በበዓል ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር ቢረዝም ኔምሰርቨሩን (እነዚያን መዝገቦች ለጠያቂው የሚሰጠውን ማሽን) ቀይሬ ደንበኞችን በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ መላክ እችላለሁ። ቀርፈፍ ቢልም ሱቁ ክፍት ይሆናል።