ሌዘር ለማንሳት ምን እንግዛ? ስልክ፣ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ወይስ ሚረርለስ

መድረክ ላይ በሌዘር የተሳለ አበባ ስታዩ የምታዩት አንዲት የምትሮጥ ነጥብ ነው። ማሽኑ ውስጥ ሁለት ትንንሽ መስታወቶች አሉ፤ አንዱ ጨረሩን ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዘዋል። በሰከንድ 30,000 ነጥብ የሚስል ማሽን 1,000 ነጥብ ያለውን አበባ በሰከንድ 30 ጊዜ ይደጋግመዋል። ዓይን ስለሚዘገይ ሙሉ አበባ ያያል፤ ካሜራ ግን አይዘገይም። ሻተሩን (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ላይ ካደረጋችሁት ከ1,000ው ነጥብ የምታገኙት 120ውን ብቻ ነው፤ ፎቶው ላይ የአበባው አንድ ቅጠል ይወጣል። 1/30 ላይ ሙሉው ይገኛል፤ 1/15 ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ስለሚደረብ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይደምቃል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚገዛው ዕቃ መጀመሪያ ሻተሩን በእጃችሁ የሚሰጥ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ጉዳት ነው። ጨረር በቀጥታ ሌንስ ውስጥ ሲገባ ሌንሱ ሰብስቦ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ፎቶ የሚቀይረው ክፍል) ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሳርፈዋል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ባለቀለም ነጥብ ወይም ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል። ይህ በጽዳት አይለቅም፤ መፍትሔው ሴንሰሩን መቀየር ብቻ ነው፣ ለአሮጌ ካሜራ ደግሞ ወጪው አያዋጣም። ከታች ያሉት ሦስት ምርጫዎች የሚለዩት በሜጋፒክስል ሳይሆን በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ስልክ

ፕሮ ሞድ (ሻተሩንና ሌላውን በእጅ የሚያስመርጥ) ያለው ሳምሰንግ የያዘ ሰው ዛሬውኑ መጀመር ይችላል። ናይት ሞድና ኤችዲአር ይጥፉ፤ ሁለቱም ብዙ ፎቶ አንስተው ስለሚደርቡ አንዱ አበባ ሁለት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ሻተር 1/30፣ አይሶ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 50 ወይም 100፣ ፎከስ በእጅ፣ ፋይሉ ሮው (ያልተቀነባበረ ጥሬ ፋይል)። አይፎን በራሱ ካሜራ ሻተር አያስመርጥም፤ ለእሱ ሌላ አፕ መጫን ግድ ነው።

የስልክ ሌንስ ቀዳዳ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) የካሜራ ሌንስ ግን ወደ 28 ሚሊሜትር ይከፍታል። ከሩቅ ሰፍቶ ከሚመጣ ጨረር ስልክ የሚያስገባው ጥቂቱን ነው ማለት ነው። ይህ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ስልክ ሴንሰሩን የሚጋርድ ሻተር ስለሌለው ካሜራው እስከተከፈተ ድረስ ሴንሰሩ ክፍት ነው። ትልቁ ድክመቱ ሌላ ነው፤ የብዙዎቹ ስልኮች አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) አይጠብም። ግድግዳ ላይ ያረፈ ብሩህ ሥዕል በአይሶ 50 እና በ1/30 እንኳ ነጥቶ ቀለሙ ሊጠፋ ይችላል። ለልምምድና ከታች ለምንገልጸው የቤት ሥራ ስልክ ይበቃል። ለተከፈለበት ሥራ አንመክረውም።

ያገለገለ ዲኤስኤልአር

የብዙዎቻችሁ መልስ እዚህ ነው ብለን እናምናለን። ካኖን 6ዲ (2012 እ.ኤ.አ.፣ ፉል ፍሬም ማለትም ትልቅ ሴንሰር ያለው፣ 20.2 ሜጋፒክስል) ወይም ኒኮን ዲ750 (2014 እ.ኤ.አ.፣ ፉል ፍሬም፣ 24.3 ሜጋፒክስል) ዕድሜያቸው ቢገፋም ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድላቸውም። ምክንያቱ ካሜራው ውስጥ ያለው መስታወት ነው። በዲኤስኤልአር ሴንሰሩ ከመስታወቱና ከሻተሩ ጀርባ በጨለማ ተቀምጦ ይውላል፤ የሚከፈተው ስታነሱ ብቻ ነው። በአንድ ሠርግ 300 ፎቶ በ1/30 ብታነሱ ሴንሰሩ ብርሃን ያየው በድምሩ 10 ሰከንድ ነው። መስታወት የሌለው ሚረርለስ ግን ሁለት ሰዓት ክፍት ሆኖ ከዋለ ሁለቱንም ሰዓት ተጋልጧል።

ጥቅሙ የሚጠፋው ላይቭ ቪው (ፍሬሙን በስክሪኑ ማየት) ስትከፍቱ ነው፤ መስታወቱ ተነሥቶ ይቀራልና። ካኖን 80ዲን የምታስቡት ለሚዞረው ስክሪኑ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

አንድ አደጋ ግን አለ፤ ከካሜራውም የከፋ ነው። የዲኤስኤልአር ቪውፋይንደር ሌንሱን ያለፈውን ብርሃን በቀጥታ ወደ ዓይናችሁ ያደርሳል። ከ5 ሚሊዋት በላይ ያለው ሌዘር ለዓይን አደገኛ ከሚባለው ክፍል ነው፤ ከ500 ሚሊዋት በላይ ያለው ደግሞ በመጨረሻው፣ በአራተኛው ክፍል ይመደባል። የመድረክ ማሽኖች አብዛኞቹ እዚያ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ጨረሩ ተመልካቹ ከቆመበት ወለል ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ እንዲል ይጠየቃል፤ ጣሪያው ዝቅ ባለ አዳራሽ ማሽኑ በሰው ቁመት ሲቀመጥ ግን ጨረሩ በቀጥታ ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሌዘሩ ከመብራቱ በፊት ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሙ፣ ፍሬሙን ያዙ፣ ከዚያ ዓይናችሁን አንሥታችሁ በሪሞት ወይም በገመድ አንሡ።

ሚረርለስ

ሶኒ ኤ7 3ን (2018 እ.ኤ.አ.፣ 24.2 ሜጋፒክስል) እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ቪውፋይንደሩ ስክሪን ስለሆነ ጨረሩ ዓይናችሁ ጋ አይደርስም። ከማንሣታችሁ በፊት ብርሃኑ ምን እንደሚመስል ታያላችሁ፤ ዜብራውን ስታበሩ የነጣውን ቦታ በምልክት ያሳያችኋል። ይህ ለሌዘር ትልቅ ነገር ነው። ሰማያዊው 450 ናኖሜትር ገደማ ጨረር የሴንሰሩን ሰማያዊ ክፍል ብቻውን ሞልቶ ያፈስሰዋል፤ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ግን በአንድ መስመር ብቻ ከሆነ «ደህና ነው» ይላችኋል። በየትኛውም ካሜራ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሂስቶግራምን ለየብቻ ክፈቱ፤ ከሦስቱ አንዱ የቀኙን ጫፍ ከነካ ብርሃኑን ቀንሱ።

ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሳይለንት ሹቲንግ የሚለው ጠፍቶ ይቆይ፤ በእሱ ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚነበብ በፈጣን ሻተር የሌዘሩ ሥዕል ይቆራረጣል፣ የኤልኢዲ መብራትም ጥቁር ሰንበር ይጥላል። ሌላው፣ ይህ ሞዴል ሲጠፋም ሻተሩን አይዘጋም። በየመሃሉ የሌንስ ክዳን ማድረግ ልማድ ይሁንላችሁ። ቪዲዮም የምትሠሩ ከሆነ ይህን ግዙ፤ ፎቶ ብቻ ከሆነ ግን ልዩነቱን ገንዘብ ለሌንስና ለትራይፖድ ብታውሉት ፎቶው ላይ በደንብ ይታያል።

ከመክፈላችሁ በፊት

የድሬዳዋው ታይዋን ገበያም ይሁን ከሰው እጅ ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ቀድሞ ሌዘር የመታው መሆኑን በአምስት ደቂቃ ማወቅ ይቻላል። ክዳኑን ዘግታችሁ አይሶ 1600፣ ሻተር 10 ሰከንድ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሡ። ቀጥሎ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16፣ ፎከሱ ሆን ተብሎ ተበላሽቶ። ሁለቱንም አጉልታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ እዩ። በነጩ ላይ ደብዘዝ ያለ ክብ ጥላ አቧራ ነው፤ በድሬ ነፋስና አሸዋ ይህ የማይቀር ስለሆነ አያስደንግጥ፣ ይጸዳል። በጨለማው ላይ የተበታተኑ ጥቂት ብሩህ ነጥቦችም የተለመዱ ናቸው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ይበዛሉ። ቀጥ ያለ ባለቀለም መስመር ካያችሁ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ተዉት። የሻተር ቆጠራውንም ጠይቁ፤ ለ6ዲ የተገመተው ዕድሜ 100,000፣ ለዲ750 150,000፣ ለኤ7 3 200,000 ነው።

ሌንስ ላይ ብዙ አንሰብክም። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 እና አንድ 24 ወይም 28 ሚሊሜትር ይበቃሉ። ረጅም ሌንስ ጨረሩን ይበልጥ ስለሚሰበስብ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። ዩቪ ፊልተር ከሌዘር ይከላከላል የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ፤ የሚታየውን ብርሃን ሁሉ ያሳልፋል። ትራይፖዱ ግን ከባድ ይሁን፤ ሲጨፈር የሚንቀጠቀጥ ወለል 1/15ን ያበላሻል።

ቦታና ልክ

ጨረር ጭስ ላይ በጣም የሚደምቀው ወደ ማሽኑ ዞራችሁ ስታዩት ነው፤ ብናኙ ብርሃኑን ይበልጥ የሚበትነው ወደፊት ስለሆነ። ፎቶ አንሺን የሚያስተውም ይኸው ድምቀት ነው። ጨረሮቹ እንደ ማራገቢያ ከሚዘረጉበት ውጭ፣ በጎን ቁሙ፤ ለሚቀንሰው ድምቀት አይሶውን አንድ ወይም ሁለት እርከን ጨምሩ። ለጭስ ውስጥ ጨረር ኤፍ 4፣ አይሶ 800፣ 1/30 ብላችሁ ጀምሩ። ለግድግዳ ሥዕል ኤፍ 8፣ አይሶ 200፣ 1/15። ዋይት ባላንስ 5000 ላይ ይቆለፍ፤ አውቶ ከተተወ ቀለሙ በየፎቶው ይለዋወጣል። ፎከሱንም መብራት ሳለ በዚያው ርቀት ያለ ወንበር ላይ ይዛችሁ ወደ ማኑዋል መልሱት፤ ጨረር ላይ አውቶፎከስ ወዲያ ወዲህ ሲል ያመሻል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በክፍት ሜዳ የሚደረግ ዝግጅት ከሆነ ነፋሱ ጭሱን ጠራርጎ ስለሚወስደው ጨረሩን ትታችሁ ግድግዳው ላይ አተኩሩ።

አዳራሽ ሳይጠብቁ ይህን ጥበብ የሚለማመዱበት መንገድም አለ። በኅዳር 1973 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ በግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪ የተጀመረው ሌዘሪየም የተባለው ትርኢት ከሚሮጠው ነጥብ ጎን ለጎን ጨረሩን ሸካራ መስታወት ውስጥ አሳልፎ ደመና የመሰለ ብርሃን ያሳይ ነበር። ይህን ከ5 ሚሊዋት በማይበልጥ ሌዘር ፖይንተር ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ፖይንተሩን በልብስ ማስጫ ቆንጥጦ አስሮ፣ ከፊቱ ቅርጽ የወጣለት የሻይ ብርጭቆ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል በኋላ ነጭ ወረቀት። ካሜራው ወረቀቱን ብቻ ይይ፣ ኤፍ 8፣ አይሶ 100፣ ከ2 እስከ 10 ሰከንድ። ብርጭቆውን በጣም በዝግታ ስታዞሩት ብርሃኑ እንደ ነጠላ ጥለት ይታጠፋል። ጨረሩ ራሱ እንዲታይ ከተፈለገ በማጨሻ ላይ ትንሽ ዕጣን ይበቃል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ጉርብጥብጥ ስለሚል ሦስት አራት ደቂቃ ተበትኖ እስኪሳሳ ጠብቁ፣ በርና መስኮት ይዘጋ፣ ሌንሱም ከማጨሻው ራቅ ይበል፤ የዕጣን ሙጫ መስታወት ላይ ከተቀመጠ በደረቅ ጨርቅ አይለቅም።