ሦስተኛ ወገን ብቻ ወይስ ሙሉ ኢንሹራንስ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መኪና የገዛ ጓደኛዬ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ለቦሎ የምትጠየቀው ሦስተኛ ወገን አትበቃም ወይ?» አትበቃም። እሷ ሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት ብቻ፣ ያውም እስከ ተወሰነ ጣሪያ ነው የምትሸፍነው፤ ሙሉው ግን የራሳችሁንም መኪና ይጨምራል። እኔ ከፍዬበት ነው ያወቅሁት።

ሰኔ 2016 ከባሕር ዳር ስመለስ ደንበጫ ላይ በዝናብ የቆመ ፒክአፕ ከኋላ ገጨሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ጥገናው 260,000 ብር ተገመተ። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን አዋጅ ቁጥር 799 ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። ቀሪው 160,000 ከኪሴ ወጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ባለመኪናን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ስለሚያደርግ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ማለት አያድንም። በዚህ መንገድ ደግሞ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ነው የሚበዛው። አንዱን ብትነኩት እንዲህ ያለ ጣሪያ የት ይደርሳል?

   

ቀሪውን ከባለ ፒክአፑ ጋር በሽማግሌ ተስማምተን በአምስት ወር ከፈልኩ። እንዲህ ስትስማሙ የስምምነቱ ወረቀት ላይ ተጎጂው «ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለኝም» ማለቱን እዩ። ኢንሹራንሱ ሳያውቅ ግን «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብላችሁ እንዳትፈርሙ። የሚከፍላችሁንም ሊያስቀርባችሁ ይችላል።

አሁን ሙሉውን ነው የምገዛው። ዘንድሮ ለቪትዝ መኪናዬ 24,000 ብር አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ከፈልኩ። ይወደዳል። ግን ያ 160,000 ከስድስት ዓመት በላይ አረቦን ነው፤ የራሴን መኪና ያሠራሁበት ሳይቆጠር።

ሙሉውም ወጥመድ አለው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪና ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ብዙ ሰው ግን አረቦን እንዳይጨምርበት በድሮው ዋጋ ያድሳል። 1,200,000 የምታወጣ መኪና በ600,000 ከተመዘገበች፣ ለ200,000 ብር ጉዳት ግማሹን ብቻ ሊከፍሏችሁ ይችላሉ። ከዚያም ላይ የራሳችሁ ድርሻ ይቀነሳል። ስታድሱ የዛሬውን የገበያ ዋጋ አስመዝግቡ።

ለሙሉው አቅም ያጠራችሁ፣ ቢያንስ የሦስተኛ ወገኑን የንብረት ጣሪያ በተጨማሪ አረቦን እንዲያሳድጉላችሁ ጠይቁ። ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሩን ውሉ ላይ ራሳችሁ አንብቡ።