ደሴ ፒያሳ የገዛሁት የስክሪን ማጽጃ

ፒያሳ ካሉት የሞባይል ሱቆች ከአንዱ ነው የገዛሁት። የሚረጭ ፈሳሽና አንድ ጨርቅ አብረው ይሸጣሉ። ቀጥታ ልናገር፦ ጨርቁ ምርጥ ነው፣ ፈሳሹን ግን አልመክርም።

ጨርቁ ማይክሮፋይበር (በጣም ከቀጫጭን ክር የተሠራ) ነው፣ ክር አይተውም። በደረቁ ቀስ ብላችሁ ስታብሱበት የጣት አሻራውም የፊት ቅባቱም ጥርግ ይላል። ሸዋ በር ገበያ ውሎ አቧራ የጠጣ ስልክ ከሆነ ግን መጀመሪያ አቧራውን አራግፉ፣ አሸዋ እንዳለበት ተጭናችሁ ካሻችሁት ይጫጫራል።

ፈሳሹ ውስጥ ምን እንዳለ ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም፤ የእኔ ቅሬታ እሱ ላይ ነው። የስልክ መስታወት ቅባት እንዳይዘው የሚያደርግ ስስ ሽፋን አለው፣ በረኪና ወይም የመስኮት ማጽጃ ሲነካው ሽፋኑ ይጎዳል፣ ታዲያ ምንነቱን የማላውቀውን ነገር ስንት ብር ያወጣሁበት ስልክ ላይ ለምን እረጫለሁ? አፕል ለአይፎን 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል (ለማጽጃ የሚውል የአልኮል ዓይነት) ያለው እርጥብ ማበሻ ጨርቅ ይፈቅዳል፣ በረኪና ግን ክልክል ነው ይላል። ቲቪ ላይ አልኮል ባይነካ ይሻላል፣ በንጹህ ውሃ ትንሽ የረጠበ ጨርቅ ይበቃዋል።

ሻጩን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ስልኩን አጥፉት፣ ፈሳሽ ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አትርጩ፣ በስፒከሩ ቀዳዳ ይገባል እያለ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ያስረዳል። እንዲህ የሚያስብ ነጋዴ ደስ ይላል። ጨርቁን ለብቻው ስለሚሸጥ እሱን ብቻ ጠይቁት።