ቤር ሼቫና ዙሪያዋ ላላችሁ፦ እናቶቻችሁን እዚች የሸክላ መምህር ጋ ውሰዷቸው

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ዝም ብል ውስጤ አይፈቅድልኝም። እዚህ እስራኤል በሰፈራችን ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) ሸክላ የምታስተምረውን ሴትዮ እና እዛው የባህል ፕሮግራሙን የምትመራውን የኛኑ ልጅ በአደባባይ ማመስገን ፈልጌ ነው። ስማቸው እንዲወጣ ይፈልጉ አይፈልጉ ስላልነገሩኝ አልጽፈውም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ በደስታ እነግራችኋለሁ፣ ካስፈለገም አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ቤር ሼቫ ያላችሁ፣ ኦፋኪምም ነቲቮትም ያላችሁ፣ ቤት የዋለች እናት ወይ አያት ያላችሁ በሙሉ እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡት።

እማዬ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ያደገችው ጎንደር ወለቃ ነው። እዚህ ለተወለዳችሁ ልጆች፣ ወለቃ ከጎንደር ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቤተ እስራኤል፣ የኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር ነበረች፣ ቱሪስቱ ሁሉ መኪናውን አቁሞ የሸክላ አንበሳ፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባን የሚገዛባት። እንደነሱ ያሉ ሥራዎች ዛሬ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ተከልለው ይታያሉ። እማዬ ግን የምትሠራው የቤቱን ዕቃ ነበር፣ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን። እና ይሄን ሁሉ እኔ ልጇ ያወቅኩት እኔ ራሴ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ደብቃን ነው የኖረችው።

ለምን እንደደበቀች ትልልቆቹ ታውቃላችሁ። አባቶቻችን ርስት አልነበራቸውም፣ መሬት የሌለው ሰው በምን ይበላል፣ በእጁ ነዋ፣ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል ሸማ ይሠራል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ማረሻውን ከኛ ገዝቶ ድስቱን ከኛ ገዝቶ ሲያበቃ ዞር ብሎ ቡዳ ይለናል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይላል። እማዬ ሸክላዋን ተሸክማ ገበያ ስትገባ ልጆቻቸውን ቀሚሳቸው ስር የሚሸጉጡ ሴቶች ነበሩ፣ በዓይኗ ትበላብናለች ብለው። ገበያው ቅዳሜ ከሆነ ደሞ ለኛ ሰንበት ነው፣ አትወጣም፣ የሳምንቱ ልፋት እዛው ቤት ተደርድሮ ይቀራል። ይሄ ሁሉ ያለበትን ሙያ ለልጅሽ አስተምሪ ብትባል ማን ያስተምራል?

ግንቦት 16 ቀን 1983 በሀገር ቤት አቆጣጠር በዘመቻ ሰሎሞን ነው የመጣነው፣ ያው በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ የገባበት። እማዬ እኔን በጀርባዋ አዝላ፣ ሌላ ምንም ዕቃ ሳትይዝ። ከዛ በኋላ ያለው የሁላችንም ታሪክ ነው፣ መርካዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ)፣ ኡልፓን (የዕብራይስጥ ትምህርት)፣ ጽዳት፣ ጽዳት፣ አሁንም ጽዳት። ያ እጅ ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ቢሮ ሲወለውል ነው የኖረው። አባዬም አረፈ፣ እሷም ጡረታ ወጣች፣ ከዛ ቤት ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይታ ማውራትም ተወች።

ስንት ቦታ እንደወሰድኳት አትጠይቁኝ። አንደኛው ስሙ ይቅር፣ ለአረጋውያን ነው ተብሎ ተመስግኖልኝ የሄድኩበት ነው፣ ሠራተኞቹ እማዬ ዕብራይስጡ ስለሚከብዳት ጆሮዋ የማይሰማ ይመስላቸዋል መሰለኝ ይጮሁባታል፣ ፊቷ ቆመው እንደሌለች ቆጥረው ስለሷ ያወራሉ፣ ከዛ የሕጻናት መቀቢያ ወረቀትና ቀለም እርሳስ ሰጧት። ቢራቢሮ ቅቢ ብለው። ሰባት ልጅ በእጇ ሥራ ያሳደገች ሴትዮ ናት እኮ! ቀባችላቸው፣ ጨዋ ስለሆነች ቀባችላቸው፣ ቤት ስትገባ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝና "ሁለተኛ እዛ አትውሰጂኝ" አለች። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ሌላው ቦታ ደሞ እኛን የሚያስታውሰን ሲግድ ሲደርስ ብቻ ነው። ሲግድ እኮ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) 50 ቀን ቆጥረን የምንጾምበት፣ ቄሶቻችን ኦሪት ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው የሚጸልዩበት ቀን ነው፣ አባቶቻችን አምቦበር ተራራ ላይ ወጥተው ሲያለቅሱበት የኖሩት፣ እዚህም በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ በክኔሴት (በፓርላማው) ሕግ የሀገር በዓል የሆነው። እዛ ቦታ ግን ሲግድ ማለት ዳቦ ጋግራችሁ አምጡ፣ ነጠላ ለብሳችሁ ኑ፣ ፎቶ እንነሳ፣ ደህና ሁኑ። ልጄን መሀል ላይ አቁመው "ትከሻህን አሳየን" ብለው አስቀውበት አልቅሶ ነው የመጣው፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ባህል የሚባል ነገር አታምጡብኝ አለ። ሌላም ቦታ አለ፣ ለናንተ ማኅበረሰብ ፕሮግራም ልንከፍት ነው ብለው አስመዝግበውን ዓመት አስጠብቀው "ፍላጎት የለም" ብለው የዘጉት። ማንን ጠይቀው እንደሆነ እንጃ።

በቃ ተስፋ ቆርጬ ነበር እንዲያ ስንሆን ነው ያቺ ልጅ ስልክ የደወለችው። የማትናሱ ራካዜት (አስተባባሪ) ናት፣ የኛው ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ ግን ማር ነው። ከኔ ጋ አይደለም ያወራችው፣ እማዬን አቅርቢልኝ አለችና "እማማ፣ ሀገር ቤት ሳሉ በእጅዎ ምን ይሠሩ ነበር?" ብላ ጠየቀቻት። ከዛ ሁሉ ቦታ አንድ ሰው እንኳ ይሄን ጠይቆን አያውቅም። እማዬ ብዙ ዝም አለች። ከዛ ቀስ ብላ "ሸክላ" አለች።

የሸክላ መምህሯ ከሩሲያ የመጣች ናት፣ አማርኛ አንድ ቃል አትችልም ነበር። መጀመሪያ ቀን እማዬ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ያንን የሚሽከረከር ማሽን አየችና አልገባም አለች። መምህሯ ነይ ግቢ ብላ አልጎተተቻትም፣ ጭቃ በሳንቃ ላይ ይዛ ወደኛ መጣች፣ እማዬ ወለል ላይ መቀመጥ እንደምትፈልግ ገባት፣ ምንጣፍ አነጠፈችና እሷም ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች። ተማሪዎቹንም ዛሬ እዚህ ነው የምንሠራው አለቻቸው፣ ጉልበታቸው የሚችል ወረዱ፣ ያልቻሉት ዝቅ ያለ ወንበር አመጡ። እማዬ ጭቃውን ዳሰሰችው፣ አሸችው፣ ከዛ "ይሄ አፈር እሳት አይችልም፣ ገል ፈጭታችሁ ጨምሩበት" አለች። ራካዜቷ ስትተረጉምላት መምህሯ ዓይኗ በራ፣ ልክ ናት ልክ ናት እያለች ተነስታ የተሰበረ የሸክላ ስብርባሪ በጨርቅ ጠቅልላ በመዶሻ መውቀጥ ጀመረች። እኔ ገል ለምን እንደሚጨመር ዛሬም አላውቅም። እነሱ ሁለቱ ግን ያለ ቋንቋ ተግባብተዋል።

የኩበቱን ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ማትናሱ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው፣ ዕቃው ሁሉ እዛ ነው የሚተኮሰው። እማዬ ጀበና ሠርታ፣ አድርቃ፣ በጠጠር አለስልሳ ስትጨርስ እዛ ምድጃ ውስጥ አይገባም አለች፣ በኩበት ነው የሚተኮሰው። እኔ በአፍረት ልሞት፣ እማዬ እዚህ ከተማ መሀል ኩበት ከየት ይመጣል እያልኩ። መምህሯ ኩበት ምን እንደሆነ ጠየቀች፣ ተነገራት፣ አልሳቀችም፣ አፍንጫዋንም አልያዘችም፣ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ከዛ በሳምንቱ እውነት እላችኋለሁ ከአንድ ሞሻቭ (የገበሬዎች መንደር) ከላሞች በረት ኩበት በጆንያ ሞልታ በገዛ መኪናዋ ጭና መጣች። እማዬ አንዱን አውጥታ ሰበረችው፣ አየችው፣ "ገና እርጥብ ነው" አለች። መምህሯ ሳትከፋ ተሸክማ ወጥታ ማትናሱ ጣሪያ ላይ አሰጣችው! የማትናሱ ኃላፊ ምን እንዳለ አላውቅም፣ ግን ኩበቱ እስኪደርቅ እዛው ጣሪያ ላይ ነበር።

ደሞ ቀኑን ተመልከቱልኝ። ላግ ባኦሜር የሚባለውን በዓል ጠበቀችላት። ያን ቀን እንደምታውቁት ሀገሩ ሁሉ እሳት ያነድዳል፣ ልጆች ከፔሳህ (ከአይሁድ ፋሲካ) ጀምሮ እንጨት ሲለቅሙ ነው የሚከርሙት፣ ስለዚህ ሜዳ ላይ እሳት ማንደድ ለማንም አይገርምም። ፈቃዱን ሁሉ እሷው ጨርሳ ማትናሱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ቦታ አዘጋጀች። የሌላው ክፍል ተማሪ ሁሉ የሠራውን ይዞ መጣ። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ንፋሱን አየች፣ እንጨቱን ከስር አስደረደረች፣ ዕቃዎቹን በላዩ፣ ኩበቱን ዙሪያውን አለበሰችው። አንተ ከዚህ ና፣ አንቺ ያንን አቀብዪኝ እያለች በአማርኛ ታዛለች፣ ሁሉም ይታዘዛል! ባህል አታምጡብኝ ያለው ልጄ ኩበት ተሸካሚ ሆኖ ላይ ታች ይላል። አንድ ጎረምሳ መጥቶ ይቺ ሴትዮ ማናት ብሎ መምህሯን ሲጠይቃት "የኔ መምህር ናት" አለችው። ይሄን በጆሮዬ ነው የሰማሁት። እማዬ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቀና አለች፣ ከዛ በተሰበረ ዕብራይስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ" አለች።

እኔ ያቺን ቃል ከአፏ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሁሉም አልተሳካም፣ አንዳንዱ ተሰነጠቀ፣ ነግሬያችሁ ልለፍ። ጀበናው ግን በሰላም ወጣ፣ ዓርብ ከሰዓት ሰንበት ሳይገባ ቡና የምናፈላው በሱ ነው።

አሁን እማዬ ማክሰኞ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነስታ ለብሳ ትጠብቀኛለች። ከመምህሯ ጎን ተቀምጣ ታስተምራለች፣ አፈር ታሻለች፣ ትቆጣለች። አንዲት የየመን እናት ጓደኛ አግኝታለች፣ አባቷ እዛ የመን ብር አንጥረኛ ነበር፣ የየመን አይሁዶች በብር ሥራ የታወቁ ናቸው፣ አባዬ ደሞ ብረት ቀጥቃጭ። ሁለቱ ዕብራይስጣቸው ተደምሮ አንድ ሰው አይሞላም ግን ስለ ወናፍ ሲያወሩ በእጃቸው እያሳዩ ሰዓቱ ያልቅባቸዋል። የሞሮኮ እናቶችም አሉ፣ እየሠሩ የጸሎት ዜማቸውን ያዜማሉ፣ ፔሳህ ሲወጣ ሚሙና የሚሉትን በዓላቸውን አክብረው ሞፍሌታ የሚባል ስስ ቂጣ ጋግረው ያበሉናል። ይሄ ነው ፕሮግራም ማለት፣ ሁሉም ያመጣል ሁሉም ይወስዳል፣ ማንም ለፎቶ አልተጠራም።

ሌላም ነገር አለ እዛው። ስፌትና ጥልፍ የሚሠሩ እናቶች አሉ፣ ስንደዶ እዚህ ስለማይገኝ በሌላ ነገር ነው የሚሰፉት፣ ሰፌዱ ግን ያምራል። ለልጆች ክራርና ማሲንቆ አለ፣ እስክስታም አለ፣ ልጄ አሁን በራሱ ፈቃድ ማሲንቆ ጀምሯል፣ አንድ ገመድ ብቻ ስለሆነ ቀላል መስሎት ነበር፣ አሁን እየታገለው ነው። የሲግድ ሳምንት ደሞ ቄስ ተጋብዘው መጥተው ስለ ጸሎቱ ለልጆቹ አስረድተዋል፣ ዳቦው የመጣው ከዛ በኋላ፣ ጾሙ ሲፈታ ነው። እንዲህ ነው ሥርዓት።

ክፍሉ ጠበብ ይላል፣ መኪና ማቆሚያም ያስቸግራል፣ ይሄ የነሱ ጥፋት አይደለም። ክፍያው ከሌላው ቦታ አይበልጥም፣ ለጡረተኞች ቅናሽ አለ፣ ያልቻለ ሰው ካለ ራካዜቷን ለብቻ አነጋግሯት፣ ሰው ፊት አታሳፍርም።

መምህራችን የእስራኤል አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ጣሪያ ላይ ኩበት ያሰጣ እጅሽ አይንጠፍ። አንቺም ልጃችን፣ "በእጅዎ ምን ይሠሩ ነበር" ብለሽ ስለጠየቅሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ወልደሽ ሳሚ።

ወገኖቼ እባካችሁ ውሰዷቸው። እናቴ አትፈልግም አትበሉ፣ እማዬም አትፈልግም ነበር። ምዝገባው ከበዓላቱ በኋላ ነው የሚከፈተው፣ ቦታ ቶሎ ይሞላል። ማክሰኞ ጠዋት ለሚመጡ እናቶች፣ ሰው አላውቅም ብለው ለሚፈሩ፣ እማዬ በሩ ላይ ትቀበላቸዋለች፣ ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች። ከመጣችሁ ሰበር ያለ ድስት ወይ ጀበና ቤት ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ገሉ አልቆባታል።